የቢጫ ጭቃው ባልዲ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። ስማችንን አልጽፍም፤ ማን እንደሆንን ግን አንድ በአንድ እናገራለሁ።

አንደኛው እኔ ነኝ። ለንደን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን ከመጻሕፍት ራሴ ነው የለቀምኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ አስተምር ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ትንንሾቹን ፊደል በማስቆጠር የምትረዳኝ። ሦስተኛው በምናስተምርበት አዳራሽ ከመከፋፈያው ማዶ ፑንጃብኛ የሚያስተምር ጡረተኛ አናጺ ነው፤ ናይሮቢ ተወልዶ በወጣትነቱ ለንደን የገባ፣ ጥምጣሙ አንድ ቀን እንኳ ተዛንፎ ያላየሁት ሽማግሌ። አራተኛዋ የአዳራሹ ኬርቴከር፣ ማለት ጠባቂና ኃላፊ ናት፤ አየርላንዳዊት፣ የቁልፉን መዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር፣ ሁላችንንም እኩል የምትጠላ።

ሽማግሌው በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። በእኛ ወግ አንቱ ሊባል ይገባዋል። የምንነጋገረው ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ በልቤም አንተ ነበር የምለው። እንዳሰብኩት እጽፈዋለሁ፤ ጨዋ መስዬ ብጽፈው ውሸት ይሆናል።

አዳራሹ አርችዌይ የሚባል የለንደን ሠፈር ውስጥ ከአንድ የወረዳው ካውንስል ሕንፃ ሥር ነው። ለእኛ በነፃ ነበር የሚሰጠን። ወላጆች ከሰቨን ሲስተርስም ከሼፈርድስ ቡሽም ልጆቻቸውን በባስ ይዘው ይመጣሉ። ፑንጃቦቹ ከጀርባ ባለው ትንሽ ክፍል ነበር የሚማሩት። አንድ መኸር ላይ የክፍሉ ግድግዳ ሻገተና ተዘጋ፤ እነሱም ወደ እኛ ተዛወሩ። ኬርቴከሯ ትልቁን አዳራሽ መሀል ለመሀል በተጣጣፊ መከፋፈያ ከፈለችው። ከዚያ ሁለታችንንም ጠርታ እንዲህ አለችን፤

«እስከ ፋሲካ እንደዚህ ትቆያላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜ ጠዋትን የማስቀረው ለአንዳችሁ ብቻ ነው። የተሻለ ጠባይ ላሳየ።»

ክፍል ለመከራየት አቅም አልነበረንም። ያንን አዳራሽ ማጣት ማለት የአማርኛው ትምህርት አበቃ ማለት ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሱም ስለ እሱ ክፍል ያውቃል። ጠላትነታችን የጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

እኔ አንድ ሕግ ነበረኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እንግሊዝኛ አልሰማም። በእንግሊዝኛ ያናገረኝን ልጅ «ጆሮዬ ተዘግቷል» እለዋለሁ። ልጅ በልመና አይማርም፤ ሲቸግረው ነው የሚማረው። ዛሬም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቅሁም። ግን እውነቱን ልናገር፤ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጋ በእንግሊዝኛ ስትለምነኝ ጆሮዬ ተዘግቷል አልኳት። ቃሉን ስትፈልግ ልብሷ ላይ ለቀቀችው። እናቷ ዳግመኛ አላመጣቻትም። ልጄ ወለሉን እየወለወለች ቀና ብላ አየችኝ።

ከመከፋፈያው ማዶ ያለው ሰው ሕግ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ፑንጃብኛ ያስተምራል፤ ሲያስረዳ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀልዱ በሂንዲ ነው፤ ሲቆጣ በስዋሂሊ ይሳደባል። ልጆቹ «ማስተር ጂ» እያሉ በፈለጉት ቋንቋ ይጠይቁታል፤ እሱም በፈለገው ይመልሳል። በእኔ ዓይን ይህ ቋንቋ ማስተማር ሳይሆን ወጥ ማደባለቅ ነበር።

መጀመሪያ የተጣላነው በድምፅ ነው። የእኛ ልጆች ሀ ሁ ሂ ሲሉ የእነሱ ከማዶ ኡራ፣ አይራ፣ ኢሪ ይላሉ። አንደኛው ወገን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ይብስ ከፍ ያደርጋል። መከፋፈያውን ገፋ አድርጌ አንገቴን አስገባሁ።

«አናጺው፣ ልጆችህ ይጮኻሉ።»

«ልጆቼ ያነባሉ፤ የሚጮኸው ሹፌሩ ነው» አለኝ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ለመሆኑ ፊደላችሁ ስንት ነው?»

«ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ።»

«የእኛ ሠላሳ አምስት ነው። ልጆችህ ወደዚህ በኩል ቢሸሹ እንዳትቀየማቸው።»

ልጆቹ ሳቁ። የሳቁት የእሱ ብቻ አልነበሩም።

ማስተማሪያው ግን ይገርመኝ ነበር። የሚጽፉት በደብተር አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ አለው፤ ሁሉንም በእጁ የሠራቸው እሱ ነው። ሰሌዳውን በቢጫ ጭቃ ይለቀልቁትና መስኮቱ ሥር አቁመው ያደርቁታል፤ ከዚያ በሸምበቆ ብርዕና በጥቁር ቀለም ይጽፉበታል። ሲያበቁ አጥበው እንደገና ይቀቡታል። የእኛ አገር የቁርዓን ተማሪዎች ሉሕ ትዝ አለኝ። የደብተራዎቹ ብርዕም ትዝ አለኝ። ይህን ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ሰው ከሰው የሚቀራረበው በእንደዚህ ያለ ወሬ ነው። አልነገርኩትም። ደስ እንዲለው አልፈለግሁም።

ኩሽናው የጋራ ነበር። አንድ ቅዳሜ የእኛ ስኳር ጎደለና ቁም ሳጥኑ ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «የአማርኛ ክፍል ንብረት፤ አትንኩ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ሽማግሌው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየውና «ምን ይላል?» አለኝ።

«ማወቅ የሚፈልግ ይማር» አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት የእሱም ወረቀቶች ተለጠፉ፤ በማቀዝቀዣው፣ በማንቆርቆሪያው፣ በመሳቢያው ላይ፤ ሁሉም በፑንጃብኛ ፊደል። ሰሌዳ የሚያጥቡበት ባልዲ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም ረዘም ያለ ነገር ጽፎበታል። እኔም ምን ይላል ብዬ አልጠየቅሁም፤ መልሱ ያው የእኔው እንደሚሆን አውቃለሁ። ኬርቴከሯ ገብታ ዙሪያውን ቃኘችና «እዚህ ኩሽና ውስጥ አሁን ማንበብ የምችለው እሳት ማጥፊያውን ብቻ ነው» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። እኛ ግን ሁለታችንም ያሸነፍን መስሎን ነበር።

ልጄ ከመከፋፈያው ማዶ መመላለስ የጀመረችው በእኔው ትእዛዝ ነው። «ሄደሽ ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ንገሪያቸው» ብዬ እልካታለሁ። መጀመሪያ ቶሎ ትመለስ ነበር። በኋላ መቆየት ጀመረች፤ ስትመለስ ጣቷ ላይ ጥቁር ቀለም ይታያል። አንድ ቀን ክፍሏ ስገባ አንድ ሰሌዳ ግድግዳ አስደግፋ አየሁ። የተጻፈበት የእነሱ ፊደል ነው፤ ጽሕፈቱ የእሷ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አባ፣ ሪላክስ። ፊደል ነው።»

«የራስሽን ጨርሰሽ ነው የሰው የምትጀምሪው?»

«የራሴን ጨርሻለሁ፤ በስምንት ዓመቴ ነው ያስጨረስከኝ። እሱ ስሳሳት አይቆጣኝም። ሂ ጀስት ላፍስ፤ ይስቃል ብቻ።» ከዚያ ጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች። እኔም በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ልጄን ለሌላ ቋንቋ የተነጠቅሁ ያህል ነበር የተሰማኝ፤ በእርግጥ የተነጠቅሁት በገዛ ራሴ ቁጣ ነበር።

ፋሲካ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ትምህርት እንዳበቃ ኩሽና ውስጥ ተገናኘን። እኔ የልጆቹን ኩባያ ላጥብ ገብቻለሁ፤ እሱ ሰሌዳ ባልዲው ውስጥ እየነከረ ያጥባል። ልጄ በሩ አጠገብ ኮቷን ትፈልጋለች።

«ሹፌሩ፣ ክፍሉ ለማን የሚደርስ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ለብዙው ነው የሚደርሰው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሉኝ። አንተ አሥራ አንድ።» እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። «ከአሥራ አንዱ ውስጥ ደግሞ አንድም የልጅ ልጅህ የለም። በቤትህ ያልተቀበሉህን ነው እዚህ የምትሸጠው?»

እጁ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ቀረ። የወንድ ልጁን ቤት ነገር የሰማሁት ከልጄ ነበር።

«አዎ፣ የሉም» አለ ቀስ ብሎ። «የልጄ ሚስት ለልጆቿ የምታወራው በሂንዲና በእንግሊዝኛ ነው። ፑንጃብኛ የላም ጠባቂ ቋንቋ ነው፣ ሲያወሩት ጠብ ይመስላል ትላለች። እሷ ብቻ አይደለችም። አባቴን ትምህርት ቤት ያስተማሩት ኡርዱ ነበር፤ ለእናቴ ደብዳቤ የሚጽፈው በኡርዱ ነው። ቀኑን ሙሉ በፑንጃብኛ ሲቀልድ የሚውል ሰው በፑንጃብኛ ስሙን መጻፍ ሳያውቅ ሞተ። ስለዚህ ነው እዚህ የምቆመው፤ አምስት ቋንቋ አውቄ ለአንዷ የምቆመው።» እጁን አውጥቶ በፎጣ ጠረገ። «አንተስ? አማርኛ የእናትህ ቋንቋ ነው?»

«የእናቴ ነው» አልኩት።

«ልጅህ እንደዚያ አላለችኝም።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

እናቴ የዳንግላ አካባቢ ሰው ነበረች፤ ቋንቋዋ አገውኛ ነው። አማርኛ የምትናገረው ለገበያ ያህል ነበር፤ ትሰባብረዋለች። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛን እንደ ንጹሕ ልብስ ለበስኩት። አንድ ቀን የረሳሁትን ምሳ ይዛልኝ መጥታ በአጥሩ በኩል በአገውኛ ተጣራች። ልጆቹ ማነች ሲሉኝ አላውቃትም አላልኩም። ያን ያህል ክፉ አልነበርኩም። ዝም ብዬ እንዳልሰማ ሆንኩ። ሦስት ጊዜ ጠራችኝና ምሳውን አጥሩ ላይ አንጠልጥላ ሄደች። ዛሬ ከቋንቋዋ የቀሩኝ ቃላት ሃያ አይሞሉም፤ ልጄ የአያቷን ነገር ስትጠይቀኝ የነገርኳትም ይህንኑ ነው። ለማንም እንዳትናገር አላልኳትም፤ እሷም ምስጢር አልመሰላትም።

 ሽማግሌው ሰሌዳዎቹን ሰብስቦ ወላጆችን ሊሸኝ ወጣ። ባልዲው ከዕቃ ማጠቢያው ሲንክ ሥር ቀረ። ልማዱ እንደዚያ ነበር፤ ጭቃው እስኪዘቅጥ ያቆየውና በኋላ ግቢ ውስጥ ወስዶ ዛፍ ሥር ይደፋዋል። ይህን በየሳምንቱ በመስኮት አይቻለሁ።

ባልዲውን አነሳሁት።

ልጄ በእንግሊዝኛ «አባ፣ ተው፤ ሲንክ ውስጥ አይደፋም። ቧንቧ ውስጥ ይደርቃል። ባልዲው ላይ የተጻፈውም ይሄው ነው» አለችኝ።

«ጆሮዬ ተዘግቷል። በአማርኛ።»

አየችኝ። በአማርኛ መናገር አቅቷት አልነበረም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ለእሷ ምንም አይደለም። አሁንም በእንግሊዝኛ «ነግሬሃለሁ» አለችና ኮቷን ለብሳ ወጣች።

ሰምቻለሁ። ገብቶኛልም። ሰዓቱ ደግሞ ከስድስት አሥር ደቂቃ አልፏል፤ በራሴ ሕግ እንኳ ጆሮዬ መከፈት ነበረበት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ ምላጩን ቧንቧውን አስዋጥኩት። ባልዲውን ገለበጥኩ፣ ቢጫው ውኃ እየተንዶቀዶቀ ወረደ፣ ከታች የዘቀጠውን ወፍራም ጭቃም በእጄ ጠርጌ አስከተልኩት። ባዶውን ባልዲ ቦታው መለስኩና ኩባያዎቼን አጠብኩ።

ማክሰኞ የሠፈሩ አረጋውያን እዚያ ምሳ ይበላሉ። ሳህን ሲያጥቡ ውኃው አልወርድ ብሎ ተመለሰ፤ ማን ቧንቧውን ክፍት እንደተወው አልታወቀም፤ ብቻ ኩሽናውን አልፎ የአዳራሹን የእንጨት ወለል አረሰው። ሐሙስ ኬርቴከሯ ደውላ ጠራችን። የዚያን ሰሞን ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጄም አብራኝ መጣች፤ አልጋበዝኳትም፤ ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

የወለሉ እንጨት አብጦ እንደ ጀልባ ሆድ ተነፍቷል። ኬርቴከሯ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ አንድ ነገር አስቀምጣለች፤ የቧንቧ ሠራተኛው ከውስጥ ያወጣው ነው፤ ክንድ የሚያህል ቢጫ ድንጋይ።

«ይሄ የማን ነው?»

«ጭቃው የእኔ ነው» አለ ሽማግሌው። «ሲንክ ውስጥ ግን አንደፋም። አንድም ቀን ደፍተን አናውቅም። ባልዲው ላይ ተጽፏል።»

«በምን ቋንቋ?»

«በፑንጃብኛ።»

«ማን እንዲያነበው?»

 ሽማግሌው አገጩን ከፍ አደረገ። ከልጆቹ አንዱ ሳያይ ደፍቶት ይሆናል ብሎ ማሰብ እንደጀመረ ከፊቱ አነበብኩ፤ በገዛ ልጆቹ ላይ ጥርጣሬ ሲገባው እያየሁ ቆምኩ።

«እንግዲያው ነገሩ አልቋል» አለች ኬርቴከሯ። «ሰሌዳዎችህን ውሰድ። ቅዳሜ ለአማርኛው ነው።» ወደ እኔ ዞራ «ክፍሉ የአንተ ነው፤ ደስ ይበልህ» አለችኝ።

ከመኸር ጀምሮ የታገልኩለት ነገር እጄ ገባ። አንድም ውሸት መናገር አላስፈለገኝም፤ ዝም ማለት ብቻ ነበረብኝ። ዝም ማለት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ። ለአሥራ ዘጠኝ ልጆች ስል ነው እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

«አባ» አለችኝ ልጄ።

አላየኋትም።

«አባ፣ አንተ ነህ የደፋኸው። እኔ ዓይኔ እያየ ነው የደፋኸው። አሁን ንገራቸው። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ጆሮህ ተዘጋም አልተዘጋም።»

በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ አንድም ቃል ሳትስት፣ አንድም እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከእሷ እንዲህ ያለ አማርኛ ለመስማት ደክሜያለሁ። ከአራታችን አማርኛውን የምንረዳው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ልታዋርደኝ ብትፈልግ በሌላው ቋንቋ መጀመር ትችል ነበር።

ሽማግሌው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማወቅ የሚፈልግ ይማር የምለው ሰው ነበርኩ። በእንግሊዝኛ «‹የደፋኸው አንተ ነህ› አለችኝ» አልኩት። «እውነቷን ነው።»

ኬርቴከሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽማግሌው ግን አልተቀመጠም።

«ማንበብ ስለማትችል ነው የደፋኸው?»

«አይደለም። ምን እንደሚል ተነግሮኝ ነበር።»

 ከዚያ በስዋሂሊ አንድ ነገር ተናገረ፤ እንዲተረጎምልኝ አልጠየቅሁም። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ «ሐቀኛ ሰው ነህ፣ ሹፌሩ። አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ሐቀኛ» አለኝ።

«ሁለታችሁም ውጡልኝ» አለች ኬርቴከሯ። «አንዱ ማንም የማያነበው ነገር ይጽፋል፤ ሌላው ቢነገረውም አይሰማም። ይህ አዳራሽ ቋንቋችሁን የምታሳድጉበት ነበር፤ እናንተ ግንብ ሠራችሁበት። ከዛሬ ጀምሮ ለማናችሁም ቅዳሜ የለም። ሂሳቡ በደብዳቤ ይደርሳችኋል።»

ፍርዱ ከባድ ነበር፤ ትክክል አይደለም ግን አልልም።

ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን እኔ ልክፈል ብዬ ለሽማግሌው ደወልኩ። ጥፋቱ የእጄ ነውና ይገባኝ ነበር። «ጭቃው የእኔ ነው። ጽሑፉም የእኔ ነው» አለኝ። «የእኔን ግማሽ እከፍላለሁ። ከአንተ ምጽዋት አልቀበልም።» ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሰምቼሃለሁ» አለና ስልኩን ዘጋ። ይቅር ብሎኛል ብዬ አልጽፍም፤ አላለኝም።

ከአሥራ ዘጠኙ ልጆች አራቱ ቀርተውልኛል፤ ሳሎኔ ውስጥ አስተምራቸዋለሁ። ሕጉን ሽሬዋለሁ፤ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ መልሼለት ቃሉን በአማርኛ እነግረዋለሁ። ከእሱ አሥራ አንድ ልጆች ሁለቱ ለመማር ሳውዝሆል ድረስ እንደሚሄዱ፣ የቀሩት እንደተዉት ሰምቻለሁ። ልጄ ሳሎኔ ውስጥ አትረዳኝም። የምታናግረኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም እመልስላታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳዋን ይዛ የት እንደምትሄድ አልጠይቃትም።

የሂሳቡን ደብዳቤ አልጣልኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት መቶ ስድሳ፣ ወለሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር። ሽማግሌው ሰባት መቶ ሠላሳ አምስት ከፈለ፤ እኔም ሰባት መቶ ሠላሳ አምስት ከፈልኩ። ጠቅላላው አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ ፓውንድ።